የጥንት ቻይና ሰይፎችን መሰብሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቻይና ሰይፍ እሰበስባለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ይጠይቃል። ቡና ላይም፣ ስልክ ላይም ደጋግመው የመጡብኝን ጥያቄዎች እዚህ አስፍሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂየን እና ዳው የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ቻይናውያን በሁለት በኩል የተሳለውን ቀጥ ያለ መሣሪያ ጂየን ይሉታል። በአንድ በኩል ብቻ የተሳለው ዳው ነው። ደግነቱ አማርኛም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ሁለት አፍ ያለውን ሰይፍ፣ ባለ አንድ አፉን ጎራዴ እንላለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰይፍ ስል ጂየንን፣ ጎራዴ ስል ዳውን ማለቴ ነው። ርዕሱ ላይ ግን ሁለቱንም ሰይፍ ብዬ ጠቅልያለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ዳው ሁሉ ጎባጣ እንዳይመስላችሁ። የጥንቱ ዳው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ጎባጣው የተስፋፋው ቆይቶ፣ ከሰሜን ፈረሰኞች ጋር ነው። የወጥ ቤት ቢላዋም በቻይንኛ ዳው ነው። ሻጭ «ዳው አለኝ» ቢላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም።

ከየትኛው ዘመን የሆነ ላገኝ እችላለሁ?

ቁርጡን ልንገራችሁ፦ ከቺንግ። ቺንግ ከ1644 እስከ 1912 የገዛው የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት ነው። ገበያ ላይ ካለው እውነተኛ ዕቃ አብዛኛው የእሱ፣ ያውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ባብዛኛው ወይ ሙዚየም ነው፣ ወይ መቃብር፣ ወይ ውሸት።

ከጥንቱ እንነሳ። መጀመሪያ ነሐስ ነበር። ስመ ጥሩው ዩዌ የተባለው የጥንት ግዛት ንጉሥ የነበረው የጎውጂየን ሰይፍ ነው። በ1965 ሁቤይ ክፍለ ሀገር ከአንድ መቃብር ወጣ። ርዝመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው፤ ከክንድ ብዙም አይበልጥም። ከ2,000 ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ከርሞ ስለቱ አልዶለዶመም ነበር። ገላው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር የአልማዝ ቅርጽ ጥልፍልፍ አለው፤ የንጉሡም ስም ወፍ በሚመስሉ ፊደላት ተጽፎበታል። አሁን ያለው ዉሃን ከተማ፣ በሁቤይ ክፍለ ሀገር ሙዚየም ነው። በዚያው ዘመን የተሠራ ተራ የነሐስ ሰይፍ አልፎ አልፎ ለሽያጭ ይወጣል። ግን ከአፈር የወጣ ዕቃ ነው። ማን ቆፈረው? መቼ? በማን ፈቃድ? መልስ ከሌለው እኔ እጄን አላስገባም።

በሃን ዘመን፣ ማለትም ከ206 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እስከ 220 ዓ.ም.፣ ብረት ነሐስን ተካው። እጀታው መጨረሻ ላይ ቀለበት ያለው ቀጥ ያለ ጎራዴ የወታደሩ መሣሪያ ሆነ። ሻንዶንግ ውስጥ የተገኘ አንድ የ112 ዓ.ም. ጎራዴ «ሠላሳ ጊዜ የተጣራ» የሚል ጽሑፍ በወርቅ ተቀርጾበታል። ብረቱ እየታጠፈ እየተቀጠቀጠ መሠራቱን ለማስመስከር ነው። እንግዲህ ብረት አፈር ውስጥ 1,800 ዓመት ሲቆይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ባብዛኛው እጅ ላይ የሚደርሰው የጎራዴ ቅርጽ ያለው ዝገት ነው።

ታንግ (618–907) የሁሉም ሰው ምኞት ነው። ኢንተርኔት ላይም እንደ ጉድ ሞልቷል። የሚያስገርመው የዚያ ዘመን ሥራ በደንብ ተጠብቆ የሚታየው ቻይና ሳይሆን ጃፓን መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ሲሞቱ ባለቤታቸው የግል ንብረታቸውን በ756 ናራ ለሚገኘው ለቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ሰጡ። ሾሶኢን በሚባለው ዕቃ ቤት ውስጥ በወርቅና በብር ያጌጠ፣ «የታንግ ጎራዴ» ተብሎ የተመዘገበ መሣሪያ እስከ ዛሬ አለ። አፈር አልነካውም፤ ከእጅ ወደ መደርደሪያ ነው የሄደው። በየዓመቱ መኸር ላይ ከሾሶኢን የተመረጡ ዕቃዎች በናራ ብሔራዊ ሙዚየም ለጥቂት ቀናት ለሕዝብ ይታያሉ።

በታንግና በሚንግ መሀል ስለነበሩት ስለ ሶንግና ስለ ዩዋን ዘመን ብዙ አልልም፤ ሰብሳቢ እጅ የሚገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ሚንግ (1368–1644) ብርቅ ቢሆንም ይገኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጄኔራል ቺ ጂግዋንግ የባሕር ዳርቻውን ከሚያምሱ ወንበዴዎች ጋር ተዋጋ። ወንበዴዎቹ የጃፓን ረጅም ጎራዴ ይዘው ነበር። ጄኔራሉ የዚያን ጎራዴ ጉዳት በዓይኑ ስላየ የራሱን ወታደሮች በዚያው ዓይነት አስታጠቀ፣ አሠለጠነም። ስለዚህ የጃፓን ጎራዴ የሚመስል የቻይና ጎራዴ ስታዩ «ውሸት ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ከሚንግ ቤተ መንግሥት ሥራ ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የሚገኘው ሮያል አርመሪስ አንድ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰይፍ አለው። የእጅ መከላከያው በወርቅ የተለበጠ ብረት ነው፤ የአውሬ ፊት ተቀርጾበታል። እሱን ያየ ሰው «ሚንግ ነው» ተብሎ የሚሸጥለትን ነገር ሁሉ በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም።

የቺንግ ጎራዴ በምን ይታወቃል?

የመኮንንና የወታደር ጎራዴ ፔይዳው ይባላል፤ በወገብ የሚታጠቅ ማለት ነው። ስለቱ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጉብጠቱ ለዘብ ያለ ነው። ሁለት ዋና ዋና የስለት ቅርጾች አሉ። ወደ ጫፉ አካባቢ ብቻ ጎበጥ የሚለው «የዝይ ላባ» ይባላል። ከእጀታው ጀምሮ በቀስታ የሚጎብጠው «የአኻያ ቅጠል» ነው። የመገጣጠሚያው ናስ ወይም ብረትም ሁለት ዓይነት ነው፦ ማዕዘን ያለውና ክብ የሆነው። በንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ዘመን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የቤተ መንግሥቱን አልባሳትና መሣሪያ በሥዕል የሚደነግግ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ማን ምን ዓይነት ጌጥ እንደሚታጠቅ እዚያ ተሥሏል። ለእኛ ለሰብሳቢዎች ትልቅ ውለታ ነው።

አንድ የምወዳት ነገር አለች። የቺንግ መኮንኖችን የድሮ ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩ። የጎራዴው እጀታ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ የሰገባው ጫፍ ወደ ፊት። ሠዓሊው ተሳስቶ አይደለም። ቺንግን የመሠረቱት ማንቹዎች ከሁሉ በፊት ፈረስ ላይ ሆነው ቀስት የሚወረውሩ ሰዎች ነበሩ። እጀታው ወደ ፊት ከወጣ ደጋኑን ያደናቅፋል። ጎራዴው ሲያስፈልግ እጅ ወደ ኋላ ይሄድና ይመዘዛል። ሰገባው ላይ ያሉትን የማንጠልጠያ ቀለበቶች ስታዩ ይህን አስታውሱ፤ አለዚያ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉት ትገለብጡታላችሁ። እኔ ሁለት ዓመት ገልብጬ ሰቅዬዋለሁ።

ፊልም ላይ የማየው ጫፉ ሰፊ የሆነው ጎራዴስ?

እሱ «የበሬ ጭራ» ይባላል፣ በቻይንኛ ኒውዌይዳው። የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመደበኛ ሠራዊት መሣሪያም አልነበረም፤ የሲቪል ሰው ነው። የሚንግ ጀግና ይዞት ፊልም ላይ ሲዘል ብታዩ ሳቁ። ለጀማሪ ሰብሳቢ ግን መጥፎ አይደለም፤ እውነተኛው በብዛት ይገኛል።

የውሸቱን እንዴት ልለየው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ገንዘብ ከፍያለሁ።

የመጀመሪያ ግዢዬ «የሚንግ ጄኔራል ጎራዴ» ነበር። ሻጩ ጨዋ ሰው ይመስል ነበር። እጀታው ላይ ዘንዶ። መከላከያው ላይ ዘንዶ። ሰገባው ላይ ሁለት ዘንዶ። ዘንዶ ሲበዛ መጠርጠር ነበረብኝ። ቤት ወስጄ ለአንድ የቆየ ሰብሳቢ ወዳጄ አሳየሁት። ጌጡን ዞር ብሎም አላየውም። ካሊፐር አወጣና የጀርባውን ውፍረት ለካ። እጀታው አጠገብ 5 ሚሊ ሜትር። መሀሉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር። ጫፉ አጠገብ 5 ሚሊ ሜትር። «ላሜራ ነው የገዛኸው» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ የጦር ጎራዴ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ጥሩ የቺንግ ጎራዴ እጀታው አጠገብ 6፣ 7፣ አንዳንዴ 8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ወደ 3 ይወርዳል። ክብደቱ ወደ እጅ የሚሰበሰበው በዚህ ነው። ሲያነሱት ቀለል ይላል፤ ብዙዎቹ አንድ ኪሎ አይሞሉም። ከፋብሪካ ጠፍጣፋ ብረት የተቆረጠ ግን ጫፉ ላይ ይከብዳል። አንጥረኛው ሳይሆን መቁረጫ ማሽኑ ነው የሠራው። «ሲይዙት ከበድ ይላል፣ እውነተኛ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ሁለተኛ የማየው የእጀታውን ጫፍ ነው። ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጭራ በሌላኛው በኩል ብቅ ብሎ በመዶሻ ተመትቶ ጠፍጠፍ ይላል። እዚያ ቦታ ላይ ጥርስ ያለው ቡሎን ካያችሁ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

ሦስተኛው ዝገቱ ነው። የመቶ ዓመት ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው። የትም ቦታ እኩል አይደለም፤ አንድ ጋ ጠልቆ ይበላል፣ ሌላ ጋ ገላው ንጹሕ ይሆናል። አሲድ የተቀባ ብረት ደግሞ ብርቱካን መልክ አለው፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፣ ጣት ላይ ይቀራል። አንዳንዱማ ይሸታል።

የእጀታው ገመድ አዲስ መሆኑ ግን አያስደንግጣችሁ። ገመድና ጨርቅ ያልቃል፣ ይቀየራል። ያኔም ይቀየር ነበር።

ላዩ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ስም አለ። ይህ ማረጋገጫ አይሆንም?

አይሆንም። ተራው የወታደር ጎራዴ ብዙውን ጊዜ ምንም ጽሑፍ የለውም። ቺየንሎንግ ለራሱ ያሠራቸው በጣም ያማሩ ጎራዴዎች እውነት ነው አሉ። «ሰማይ»፣ «ምድር» እና «ሰው» በሚል ተመድበው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም ስም አላቸው። እነሱ ግን አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎላቸው አይሸጡም።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ጽሑፍ «ሎንግቹዋን» የሚል ነው። ሎንግቹዋን ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች በሰይፍ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። አፈ ታሪኩ ኦው ዬዝ የሚባለው ጥንታዊ አንጥረኛ እዚያ ይሠራ ነበር ይላል። ስሙ እንደ ጥራት ምልክት ስለሚቆጠር ሌላ ቦታ የተሠራውም ላይ ይጻፋል። በስለቱ ላይ ሰባት የናስ ነጠብጣብ ካለ ደግሞ በሰሜን ሰማይ የሚታዩት ሰባቱ ከዋክብት ናቸው። አጫጭሮቹ፣ ሰገባቸው በኤሊ ልባስ የተሸፈነው፣ አንዳንዴም ሁለት ሆነው በአንድ ሰገባ የሚገቡት ሰይፎች ባብዛኛው የቺንግ ማብቂያና ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ሥራ ናቸው። ያምራሉ፣ እውነተኛም ናቸው። የጦር ሜዳ ናቸው ማለት ግን አይደለም።

ስለቱ ላይ ሞገድ የሚመስል መስመር አለ። ምንድን ነው?

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የድሮ አንጥረኛ ጠንካራውን ብረት አፉ ላይ ያደርጋል፤ ለስላሳውን ጀርባና ጎን ላይ። አንዳንዱ ጠንካራውን መሀል አስገብቶ በሁለት ለስላሳ ብረት ያቅፈዋል። ሌላው ጀርባውን ሠርቶ ጠንካራውን እንደ ጥርስ አፉ ላይ ይሰካዋል። በደንብ ሲወለወል የሁለቱ ብረት መገናኛ ይታያል። እሱ ጥሩ ዜና ነው።

ሁለተኛው በአሲድ ተቀርጾ «ዳማስከስ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ከሩቅ እንደ ሜዳ አህያ ሲዥጎረጎር ካያችሁት አዲስ ነው። የድሮው እንዲህ አይጮህም፤ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

ዋጋው ስንት ነው?

ሰገባው የጠፋበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተራ ጎራዴ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ሰገባው፣ ናሱና እጀታው ሙሉ የሆነ የመኮንን ጎራዴ ሺዎችን ይጠይቃል። የንጉሠ ነገሥቱ የራሱ ሲሆን ሆንግ ኮንግ ጨረታ ላይ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል፤ እሱ የእኔና የእናንተ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ከአንድ አብረቅራቂ አጠራጣሪ ዕቃ ይልቅ አንድ ጎስቋላ፣ ግን ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ የወታደር ጎራዴ ይሻለኛል።

ጓንዡ ለንግድ እመላለሳለሁ። ከዚያው ገዝቼ ላምጣ?

እውነተኛ ከሆነ አይቻልም፤ የሚቻል ከሆነ እውነተኛ አይደለም። የቻይና ሕግ ከ1911 እና ከዚያ በፊት የተሠራ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ከዚያ እስከ 1949 ያለውም ታሪካዊ ዋጋ ካለው በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። ሻጩ «ችግር የለም፣ ወረቀት እሰጥሃለሁ» ቢላችሁ ወረቀቱም እንደ ጎራዴው ነው። ቤጂንግ የሚገኘው የፓንጂያዩዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለመዞር ደስ ይላል። እኔ እዚያ የምገዛው ሻይ ማፍያ ነው።

በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ጥንት ከቻይና የወጣው ነው። ብዙው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች፣ በ1860ው የቤጂንግ ዝርፊያና በ1900ው የቦክሰሮች አመፅ ጊዜ በወታደሮችና በሚሲዮኖች ሻንጣ አውሮፓና አሜሪካ ገብቷል። ታሪኩ አያኮራም። መቅደላን ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ቅርብ ነው። ሕጉ ፈቀደ ማለት ልብ አረፈ ማለት አይደለም፤ እኔም የያዝኩት ዕቃ ከየት እንደመጣ ባወቅሁ ቁጥር ጽፌ አብሬ አኖራለሁ።

የምትኖሩበት አገር ሕግም አለ። አሜሪካ ከ2009 ጀምሮ ከጥንቱ ዘመን እስከ ታንግ ማብቂያ ያለውን የቻይና ቅርስ ያለ ወረቀት አታስገባም። ብሪታንያ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጎባጣ ጎራዴ ከልክላለች፤ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ግን አይነካም። የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ልባስ ያለበት ዕቃ ድንበር ሲሻገር ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳት ስምምነት ይመጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ፤ ኤርፖርት ላይ ጎራዴ ይዞ ማስረዳት አይመከርም።

እንዴት ልንከባከበው?

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ናስ በሎሚና በአመድ አሽቶ ማብራት ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ለትሪና ለሙቀጫ ይሁን። ለዚህ ዕቃ ግን ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽና ሞረድ ክልክል ናቸው። መቶ ዓመት የፈጀውን ጥቁረት በአንድ ከሰዓት ብታነሱት ከዋጋው ግማሹ አብሮ ይነሳል።

ስለቱን በባዶ እጅ አትንኩ። የጣት ላብ ጨው አለው፤ ከወር በኋላ የጣታችሁ አሻራ በዝገት ተጽፎ ይጠብቃችኋል። በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉትና ስስ ዘይት ቀቡት። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ያጣብቅና ይደርቃል። የድሮ ሰገባ እርጥበት ስለሚይዝ ጎራዴውን ለረጅም ጊዜ እዚያ ውስጥ አትተዉት። ከጫማ ካርቶን የምትጥሏትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፤ አጠገቡ አስቀምጡ።

ነሐስ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት ማቡነን ከጀመረ በሽታ ነው። አትፋቁት። ከሌሎቹ ለዩትና ለባለሙያ አሳዩ።

ውሹ፣ የቻይናን ማርሻል አርት፣ ልለማመድበት?

አይ። ለዚያ አዲስ ግዙ።

ቤታችን የአያቴ ጎራዴ አለ። ቻይናዊ ሊሆን ይችላል?

ይህ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመጣብኝ አልቆጠርኩም። ቻይናዊ የመሆኑ ነገር እጅግ ጠባብ ነው። ብዙ የሐበሻ ጎራዴዎች ስለታቸው አውሮፓ የተሠራ ነው፤ እጀታውና ሰገባው አገር ቤት። እጀታው አጠገብ ስለቱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና በባትሪ መብራት እዩ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም፣ ለምሳሌ ዞሊንገን (የጀርመን ከተማ ናት) የሚል፣ ወይም አንበሳ ካለ ታሪኩ ሌላ ነው። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ከአገር አገር ይዛችሁ እንዳትዞሩ፤ እሱንም ሳይተስ ያውቀዋል። አያትን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ካለ ግን ከካሊፐሩ በፊት እሱን ጠይቁት፣ ድምፁንም ቅዱት።